ሁለቷ አስቻለች

ሩፋይዳ ከማሉዲን ሰው አስቀይማ አታውቅም ማለት ባይቻልም፣ ሰው አጥፍታ ግን አታውቅም ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ ከሁለት ሴቶች አንዷን አጠፋች። አጥፍታ ሲያበቃ ሻይ አዘዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬውን ማሳ የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት መካነ ሰላም ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። አንደኛው ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር አለ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በወረቀት ተጽፎ ኋላ የተተየበው አሮጌው መዝገብ አለ። ሩፋይዳ በበኩሏ ሁለት ወር ሙሉ በየቀበሌው ስትዞር፣ ገደል ስትወርድ፣ የሰው ውሻ ሲያባርራት ከርማ ታብሌቷን አዲስ መዝገብ ሞልታ ተመልሳለች። አሁን ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። ኬብሉ ሲሰካ ፕሮግራሙ የሚመሳሰሉ ሰዎችን ሁለት ሁለት እያደረገ ያሰልፍና «እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ለመመለሻ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ «አዋህድ»፣ ሌላው «ለያይተህ ተው»፣ ሦስተኛው «ቆይ፣ ይጣራ»። ሦስተኛውን ማንም ሲነካው ታይቶ አይታወቅም።

ከደሴ የመጣው ባለሙያ ሱፍያን ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን አስተምሮ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠው ምሳውን እንኳ ሳይበላ ሄዷል። ሩፋይዳ ግን ሱፍያን የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። በዚህ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ስለዚህ አንዲት ሴት አሮጌው መዝገብ ላይ በአባቷ ቤት ስም፣ ታብሌቱ ላይ ደግሞ በምራት ስሟ ትገኛለች። ፕሮግራሙ ሁለት ሰው ይላታል፤ እሷ ግን ያቺው አንዷ ናት። ሩፋይዳ በዚህ ዕውቀቷ መቶ አርባ ሴቶችን ከየራሳቸው ጋር አገናኘች። አስተባባሪው አቶ በላይ ስብሰባ ላይ አስነስተው አስጨበጨቡላት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ትንሽ አብጣለች፤ አካሄዷ ሁሉ ተለውጧል።

ያን ማክሰኞ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት እነዚህ ነበሩ። ከኮምፒውተሩ፣ አስቻለች ኪዳን፣ ጥድ አፋፍ ቀበሌ፣ ከምንጩ በላይ አንዲት ጠባብ ማሳ። ከታብሌቱ፣ አስቻለች፣ የይሄነው ባለቤት፣ ጥድ አፋፍ ቀበሌ፣ ከምንጩ በታች አራት ማሳ። የሁለተኛዋ የአባት ስም ቦታ ባዶ ነው። ሩፋይዳ እዚያ የደረሰች ቀን ሴትዮዋ ገበያ ሄዳለች፣ ባሏ ይሄነው ገብስ እየወቃ ነው፣ ታብሌቱ ሦስት በመቶ ባትሪ ቀርቶታል። «ኋላ እሞላዋለሁ» ብላ አለፈችው፤ ኋላ አልሞላችውም። ስለ ጠባቧ ማሳ ደግሞ ባለቤቷ አልተገኘችም፤ አጠገቧ የሚያርስ ገበሬ ብቻ «የአስቻለች ናት» ብሏታል። ስሙ አንድ፣ ቀበሌው አንድ፣ ማሳው ኩታ ገጠም። ታዲያ ምን ይጠየቃል? «አዋህድ»ን ጫነችው። ኮምፒውተሩ «ተከናውኗል» አለ፤ ሻዩም መጣ።

እሁድ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ዝርዝሩን ሕዝቡ ፊት አነበበ። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት አንዲት ረዘም ቀጠን ያለች፣ ስድሳ የሚጠጋት ሴት ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሩፋይዳ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ ይግቡ።»

«እገባለሁ። አስቀድሜ ግን ልመርቅሽ። የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ከፈታሁት ባል ጋር መልሰሽ አጋባሽኝ። ድግስ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ትወጂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እንኳ የለ።»

ሩፋይዳ ሴትዮዋ የምትቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። በእርግጥም እየቀለደች ነበር፤ ዓይኗ ግን አብሮ አልሳቀም።

«አልገባኝም እማማ። አንቱ ማነዎት?»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እስከ ቅዳሜ አስቻለች ኪዳን ነበርሁ። እሁድ 'የይሄነው ባለቤት አስቻለች፣ አምስት ማሳ' ተብሎ ተነበበ። ይሄነው የነበረው አራት ማሳ ነው። አምስተኛዋ የእኔ ናት፣ ከምንጩ በላይ ያለችው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ያገባት ሴት እሷም አስቻለች ናት። ሁለታችንን አንድ ሰው አድርገሽናል አሉኝ። ዛሬ ስነሳ ወገቤን አሞኝ የእሷ ወገብ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ።»

ሩፋይዳ ቁጭ አለች። «ሁለታችሁም አስቻለች? እንዴት ሆኖ?»

«አማታችን አንድ ናቸዋ። ሴትዮዋ ለልጃቸው ሚስት አንድ ስም አስበው አስቀምጠው ነበር። እኔ ገባሁ፣ አስቻለች አሉኝ። ዓመት ቆይቼ ወጣሁ፤ የተፋታሁት ከባሌ ጋር እንዳይመስልሽ፣ ከእሳቸው ጋር ነው። በዓመቱ ያቺ ገባች፣ እሷንም አስቻለች አሏት።»

አንዲት ሴት ሁለት ስም እንዳላት በማወቋ አገር ያጨበጨበላት ሩፋይዳ፣ አንድ አማት ሁለት ምራቶቿን ባንድ ስም ልትጠራ እንደምትችል ለአንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም ነበር። ፊቷ ጋለ።

«ታዲያ ከወጡ በኋላ ለምን በአባትዎ ቤት ስም አልተመዘገቡም?»

«በአባቴ ቤት የሻለም ነኝ። ግን ሽማግሎቹ ያቺን ማሳ ሲያካፍሉኝ ወረቀቱ ላይ አስቻለች ብለው ጻፉ። ስሙን ብጥለው መሬቱም አብሮ ይወድቃል ብዬ ፈራሁ።» ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። «ልጅ አልወለድሁም። የምኖር ወንድሜ ቤት ነው። በወንድሜ ቤት ጥገኛ ሳልባል ሠላሳ ዓመት የኖርሁት በዚያች ማሳ ገብስ ነው ልጄ። ሌላ የለኝም።»

ከዚህ በኋላ እንዳንደናገር አንደኛዋን የሻለም፣ ሁለተኛዋን አስቻለች እንበላቸው። ሩፋይዳም ባለፈው ማክሰኞ ይህን ያህል ብትጠነቀቅ ኖሮ ይህን ታሪክ የምንተርክበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ወዲያው ለሱፍያን ደወለች። ሱፍያን ረጋ ብሎ ሰማትና «ታብሌቱ ላይ ሳይዋሃዱ በፊት የነበረው አለ አይደል?» አላት።

«አጽድቼዋለሁ።»

«ለምን አጸዳሽው?»

«አንተ ነህ አጽጂ ያልከኝ።»

ሱፍያን ትንሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው መለየት የሚቻለው ሁለቱም በአካል ሲገኙ ነው። የየራሳቸው ፎቶ፣ የየራሳቸው የአውራ ጣት አሻራ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ወደ ኅትመት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የመሬት ደብተሩ እንዳለ ነው የሚወጣው።»

«አንደኛዋ ብቻ ብትመጣስ?»

«ሩፋይዳ፣ ሰው ብቻውን ከራሱ እንዴት ይለያል?»

ይህን ለየሻለም ስትነግራት የሴትዮዋ ቀልድ ጥሏት ሄደ። «አትመጣም» አለች። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ምንጭ ላይ ካየችኝ ጀሪካኗን ሳትሞላ ትመለሳለች። አሁን ደግሞ ዝም ብትል ብቻ ማሳዬ የእሷ ይሆናል። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እመጣ ነበር? እንጃ።» ሐሙስ በጠዋት እመጣለሁ ብላ ሄደች፤ ስትወጣ ከገባችው ሴት አጠር ያለች መሰለች።

ሩፋይዳ ቀጥላ ይሄነው ዘንድ ደወለች። ይሄነው ነገሩን እስክትጨርስለት አልጠበቀም።

«ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ አባባ። ለባለቤትዎ ይንገሩልን ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ሰሞኑን አሞኛል።»

«ይማሩ። መንገር ብቻ ነው እኮ።»

«ሕመሙ የመናገር ነው» አለና ኔትወርክ እንደጠፋበት ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ዘጋው። ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት ስትገባ አባቷ ሸህ ከማሉዲን ደረሶቻቸውን እያሰናበቱ ነበር። ሸሁ ቁርአን ያስቀራሉ። አርባ ደረሳ አላቸው፤ ከአርባው አሥራ አንዱ ሙሐመድ ነው። የልጃቸው ፊት ከርቀት አልጣማቸውም። ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙና ሊስቁ ሲሉ ተውት።

«መቶ አርባ ሰው አገናኘሁ ብለሽ የነገርሽኝ ይኸን ነው?»

«ያን ነው አባ።»

«እኔ አሥራ አንድ ሙሐመድ አለኝ። አንድ ቀን አንዱን በአንዱ ፋንታ ገርፌ አላውቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የማን ልጅ ነህ?»

«ባትሪው ሊያልቅ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ የእኔ ባትሪ እስካሁን አላለቀም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ግን እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «አብሽሪ። ስልክ ተዪና በእግርሽ ሂጂ። ያጠፋ ሰው በእግሩ ሲመጣ ሌላ ነው።»

ማክሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍራ መገንጠያው ላይ ወረደች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ሄደች። አስቻለች ደጃፏ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ታባዝት ነበር። አጠር ደልደል ያለች፣ ንግግሯም እንደቁመቷ አጭር የሆነች ሴት ናት። ይሄነው ሩፋይዳን አሻግሮ እንዳየ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ተነሣ። በሬዎቹ ገና ጠጥተው መመለሳቸው ነበር።

ሩፋይዳ ቆማ ጀመረች፣ ተቀመጪ ተብላ ተቀምጣ ጨረሰች። የአስቻለችን የአባት ስም ባዶ እንደተወችው፣ የሌላዋን ማሳ ያለ አግባብ እንደጨመረችላት፣ ቀነ ገደቡ ሐሙስ ስድስት ሰዓት መሆኑን፣ ሁሉንም ሳትሸሽግ ተናገረች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ካልመጡ ግን የሚጎዱት እማማ የሻለም ናቸው» አለች።

አስቻለች ከጠጉሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። «የሻለም ነው ስሟ?»

«በአባታቸው ቤት።»

«በአባቷ ቤት ደግሞ ስም አላት።» ጠጉሩን ሳብ አድርጋ ዘረጋችው። «እኔ ከደጎሎ በኩል ነው የመጣሁት። እዚህ የማውቀው ሰው አልነበረም። በገባሁ በሳምንቴ ውሃ ልቀዳ ወረድሁ። አንዲት ሴት 'አስቻለች' ብላ ተጣራች። 'አቤት' ስል ከኋላዬ ሌላ 'አቤት' ሰማሁ። ዞር ብል እሷ ናት። ቤት ገብቼ አማቴን ጠየቅኋቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ስሙ ምን አጠፋ? ያጠፋችው እሷ ናት።'»

ሩፋይዳ ሳቋ መጥቶ ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት አይታ ዋጠችው።

«ያገለገለ ቀሚስ አለበሱኝ ልጄ። የቀሚሱ ባለቤት ደግሞ በየቀኑ በላዬ ታልፋለች። ምን ብዬ ላናግራት?»

«ሐሙስ ይመጣሉ?»

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«በይ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂጂ።»

 ሩፋይዳ ያን መንገድ እያሰላሰለች ተመለሰች። ያቺ ሴት አልመጣም ብትል ማን ይፈርድባታል? ጠባቧ ማሳ ጥሩ አፈር ነው፤ ራሷ ሩፋይዳ በታብሌቱ ለክታታለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ረቡዕም ቀኑን ሙሉ አዲስ የሚመሳሰል ጥንድ በመጣ ቁጥር «ቆይ፣ ይጣራ»ን ስትጫን ዋለች። አቶ በላይ ምን እንደነካት ጠየቋት። ምክንያቱ አልገባቸውም።

ሐሙስ የሻለም ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ነጠላዋን አጥባለች፣ ጸጉሯን ተቀብታለች፤ ፎቶ እንዳለ ሰምታለች። በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ወፍጮው ይጮሃል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይላሉ፤ የቢሮው ጸሐፊ ይሆናል፣ ሻይ የምታመጣው ልጅ ትሆናለች።

አምስት ሰዓት ላይ የሻለም «ምን ያህል ይቀራል?» አለች።

«አንድ ሰዓት።»

«በይ አትጨነቂ። አንቺስ ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነሽ።» ማጽናናቱ ከእሷ መምጣቱ ሩፋይዳን ይበልጥ አሳፈራት። ተነሥታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አስቻለች ገባች። አቧራ ለብሳለች፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። ማንንም ሳታይ በአግዳሚው በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠች። መካከላቸው ላይ የታብሌቱ ካርቶን ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

«ሩፋይዳ» አለች የሻለም ፊት ለፊቷን ግድግዳውን እያየች፣ «ደህና አደረች ወይ በያት።»

«እማማ አስቻለች፣ ደህና አደሩ ወይ?»

«ደህና ነኝ በያት።»

«ደህና ነኝ ብለዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ ስለመጣች።»

«ለማሳዋ አይደለም የመጣሁት በያት» አለች አስቻለች። «ማሳዋ የማን እንደሆነች አገር ያውቃል። እኔ የመጣሁት እሁድ ሲነበብ ስሜን ሰምቼ የትኛዋ እኔ እንደሆንኩ ስላላወቅሁ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ተጋርቼ ኖርኩ፤ አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ እንኳ ለብቻዬ ልሁን።»

ሩፋይዳ ይህን እንዴት አሳጥራ እንደምታደርስ ጨነቃት። «ሰምተዋል አይደል?» አለች ወደ የሻለም ዞራ።

«ሰምቻለሁ በያት።»

ፎቶው ተነሣ። የሻለም ለካሜራው ፈገግ አለች፤ አስቻለች ቀበሌ እንደተጠራ ሰው ቀጥ አለች። አውራ ጣቶቹም ተነሡ፤ የሁለቱም ጣት በሥራ ብዛት መስመሩ ስለጠፋ ሦስት ሦስት ጊዜ መጫን አስፈለገ። ሩፋይዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠራረገችላቸውና ለሁለተኛ ጊዜ ማንነታቸውን ሞላች። ይህን ጊዜ ባዶ የተወችው ነገር የለም። የአስቻለች አባት ጎበዜ ይባላሉ። በመጨረሻ «ለይ» የሚለውን ስትጫነው ፕሮግራሙ አሻፈረኝ አለ። በአንድ ቀበሌ፣ በአጎራባች ማሳ፣ ከአንድ መዝገብ የሚወጡ ሁለት ሰዎች፣ የአባታቸው ስም ቢለያይም፣ አንድ ስም ይዘው መውጣት አይችሉም። አንዱ ስም ይቀየር ይላል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ሩፋይዳ ነገረቻቸው።

«የእኔን ቀይሪው» አለች የሻለም ወዲያው። «ማሳዋ በፎቶዬ ሥር ከተጻፈች የሻለም በዪኝ። ስሙን ምን አደርገዋለሁ? ትውሰደው በያት፤ ጠቅልላ ትውሰደው።»

ሩፋይዳ አስቻለች ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። አስቻለች ግን አቀርቅራ አውራ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም ማሸት ያዘች።

«ጠይቂልኝ» አለች። «ስሙ የወጣላት ቀን አልቅሳለች ወይ?»

ሩፋይዳ አፏን ከፈተች፤ የሻለም ቀደመቻት።

«ሁለት ቀን» አለች። ግድግዳውን ትታ ወደ አስቻለች ዞራለች። «ደብቄ። ጓዳ ገብቼ።»

«እኔ ሦስት» አለች አስቻለች። «የአባቴን ቤት ስም ለራሴ እየጠራሁ። እቴቴ ነበር የምባለው።»

«አሁን በሱ የሚጠራሽ አለ?»

«ማን ይጥራኝ? የሚያውቁት ሁሉ ሞቱ።»

ሩፋይዳ እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። መላላኪያነቷ እንዳበቃ ገብቷታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት የሚበጀውን አወቀችና ዝም አለች። ሰዓቱ ግን ዝም አይልም።

«እቴቴ ብዬ ልጻፍዎት?» አለች በቀስታ። «ይቻላል። ሁለታችሁም በአባታችሁ ቤት ስም።»

አስቻለች አሰበችበት። 

«አይሆንም» አለች። «እቴቴ ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም። እሷ ምን ሠራች? አማቴ ሰባት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኙ ያገላበጥኋቸው አስቻለች ሲሉኝ ነው። አምስት ልጅ ወልጄ ያሳደግሁ በዚህ ስም ነው። ሲሰጠኝ ያገለገለ ነበር። ያገለገልኩበት ግን እኔ ነኝ። አስቻለች ጎበዜ በዪኝ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች የሻለም። «እኔ በትዳር አንድ ዓመት ነው የያዝኩት። ያንኑም ስነጫነጭበት።»

ሩፋይዳ ጻፈች። የሻለም ኪዳን፣ አንድ ማሳ፣ ከምንጩ በላይ። አስቻለች ጎበዜ፣ ከባለቤቷ ጋር አራት ማሳ፣ ከምንጩ በታች። ጮክ ብላ አነበበችላቸው። የሻለም የራሷን ስም ከማሳዋ ጋር አንድ ላይ ስትሰማ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገችው፤ እዚያው ቆይታ ቆይታ አወረደችው። «አንዴ ድገሚልኝ» አለች፤ ሩፋይዳም ደገመችላት።

ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ቀርቶታል። የሚለያዩት ሰዎች ዝምድና ምንድነው? ሩፋይዳ ምርጫዎቹን አነበበችላቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ እህት፣ ጎረቤት፣ ዝምድና የለም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ከዚህ አገር ሰው ጋር ቁጭ ብሎ አልተጫወተም መሰል፣ ለእነዚህ ሁለት የሚሆን ቃል አልነበረውም።

«ዝምድና የለም በይ» አለች የሻለም። «ምን ብለን እናስረዳለን?»

«እሱስ ውሸት ነው» አለች አስቻለች። ወደ ስክሪኑ አጎንብሳ፣ ማንበብ እንደምትችል ሁሉ ቃላቱን በዓይኗ ወረደችባቸው። «ጎረቤት የሚል አለ አላልሽም? ጎረቤት በይ።»

«ጎረቤት ከሆንሽማ» አለች የሻለም፣ «በሬያችሁን ከማሳዬ ከልክይልኝ። በየዓመቱ ገብሴ ፍሬ ሊይዝ ሲል ይገባል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የምነግራት ሴት አጥቼ ዝም አልኩ።»

አስቻለች አየቻት። መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ሁለመናዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ደግሞ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «በየዓመቱ ሲገባ አየዋለሁ። እንዳልመልሰው፣ 'ማሳዬን ረገጠች' እንዳትዪኝ እፈራለሁ።»

ሩፋይዳ «ጎረቤት»ን ጫነችው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዝርዝሩ ሄደ።